የዱባ አጠውልግ በሽታ

የዱባ አጠውልግ በሽታ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች የዱባን ሥርና ግንድ ወርረው ቅጠሉን የሚያጠወልጉበት፣ በመጨረሻም ተክሉን የሚያደርቁበት የበሽታዎች ቡድን የጋራ መጠሪያ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም በሽታው አንድ አይደለም። ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ ተሕዋስያን ከሩቅ ሲታይ ተመሳሳይ የሆነ መጠውለግ ያስከትላሉ። ከእነዚህ መካከል ለዱባ ዋነኛው «ፉዛሪየም ሶላኒ» በተባለው ፈንገስ የሚመጣው የአንገት መበስበስ ነው።

ሥሩ ወይም አንገቱ በበሽታው የተያዘን ዱባ መልሶ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ሕክምና ሲባል በአብዛኛው የታመመውን ተክል ማዳን ሳይሆን ጎረቤት ተክሎችን፣ አፈሩንና ለከርሞ የሚቀመጠውን ዘር ማዳን ማለት ነው። አምጪው የትኛው እንደሆነ መለየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ፈንገስ በአፈር ውስጥ ከ2 እስከ 3 ዓመት ብቻ ሲቆይ ሌላው ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተክሉና ስሙ

ዱባ የሚባሉት ተክሎች «ኩኩርቢታ» በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደቡ ሲሆኑ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉራት ናቸው። በሜክሲኮ ኦአሃካ ግዛት፣ ጊላ ናኪትስ በተባለ ዋሻ የተገኙ የዱባ ቅሪቶች ተክሉ ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት መለመድ እንደጀመረ ያሳያሉ። ወደ አፍሪካ፣ አውሮፓና እስያ የተዛመተው ከ1492 በኋላ ነው። በብዛት የሚለሙት ሦስቱ ዝርያዎች ኩኩርቢታ ፔፖ (ዝኩኒ የዚህ ዝርያ አባል ነው)፣ ኩኩርቢታ ማክሲማ እና ኩኩርቢታ ሞስካታ ናቸው።

ቅል ከዱባ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ቢመደብም ወገኑ የተለየ ነው፤ መነሻውም አፍሪካ ነው። ሐብሐብ፣ ሜሎንና ኪያርም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በበሽታም ረገድ ይሠራል። ኪያርን የሚያጠወልገው ፈንገስ ዱባን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ ዱባን የሚገድለው ደግሞ አብዛኛውን የቤተሰቡን አባላት ሊያጠቃ ይችላል። ይህ ልዩነት ከታች በዝርዝር ይታያል።

መጠውለግ እንዴት ይከሰታል

የዱባ ቅጠል ሰፊና ስስ ስለሆነ በፀሐይ ሰዓት ብዙ ውሃ ያተናል። የሚተነውን ውሃ የሚተኩት ከሥር ተነሥተው በግንዱና በሐረጉ ውስጥ እስከ ቅጠሉ የሚዘልቁ ዛይለም የተባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው። ከሥር የሚወጣው ውሃ ከቅጠል ከሚተነው ሲያንስ የቅጠሉ ሕዋሳት ውጥረታቸውን ያጡና ቅጠሉ ይንጠለጠላል። መጠውለግ የሚባለው ይህ ነው። በመሆኑም መጠውለግ ራሱ በሽታ ሳይሆን የውሃው መንገድ መቋረጡን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ፈንገሶች ይህን መንገድ በሁለት ዓይነት ይዘጋሉ።

1. ቧንቧውን መድፈን። ፈንገሱ በሥር ጫፍ ወይም በቁስል በኩል ገብቶ በዛይለሙ ውስጥ ያድጋል። ተክሉ ራሱን ለመከላከል ሙጫ መሰል ነገር ያመነጫል፤ የፈንገሱ አካልና ይህ ሙጫ ተደምረው ቧንቧውን ይደፍኑታል። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረምና ቨርቲሲሊየም የሚሠሩት እንዲህ ነው።

2. ግንዱን ከአፈር ሥር ማበስበስ። ፈንገሱ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበትን ቦታ፣ በዚህ ጽሑፍ «አንገት» የተባለውን፣ ዙሪያውን ያበሰብሳል። ላይኛው ሐረግ ጤነኛ ቢሆንም ከሥሩ ተቆርጦ የቀረ ያህል ይሆናል። ፉዛሪየም ሶላኒና ፋይቶፍቶራ የሚገድሉት በዚህ መንገድ ነው።

አምጪዎቹ ተሕዋስያን

ፉዛሪየም ሶላኒ

ዱባን የሚያጠቃው የዚህ ፈንገስ ዓይነት ለዱባ ቤተሰብ የተለየ ነው። በሽታው መጀመሪያ የተገለጸው በ1932 በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ በኋላ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ጭምር ታውቋል። ሁለት ዘሮች አሉት። ዘር 1 ሥርን፣ አንገትንና ፍሬን ሲያጠቃ ዘር 2 የሚያጠቃው ፍሬን ብቻ ነው።

ፈንገሱ ወፍራም ሽፋን ባላቸው ስፖሮች (የፈንገስ ዘሮች) አማካይነት በአፈር ውስጥ ይቆያል። ይሁን እንጂ የሚያጠቃው ተክል ካላገኘ ቆይታው ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ ነው። ይህ ለአትክልተኛው መልካም ዜና ነው። መጥፎው ዜና ደግሞ ፈንገሱ በዘር ውጫዊና ውስጣዊ ክፍል ተሸጋግሮ ንጹሕ ወደነበረ አፈር መግባት መቻሉ ነው።

ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም

ይህ ፈንገስ በርካታ ዓይነቶች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ዓይነት የሚያጠቃው በአብዛኛው አንድን ተክል ነው። የሐብሐብ፣ የሜሎን፣ የኪያርና የቅል የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። ዱባ አብዛኞቹን ይቋቋማል። በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ ሐብሐብንና ሜሎንን በሰብል ፈረቃ ብቻ ከእርሱ ማዳን ከባድ ነው። አሸዋማና አሲዳማ አፈር እንዲሁም ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ የአፈር ሙቀት ይስማማዋል።

ቨርቲሲሊየም ዳህሊያ

ቨርቲሲሊየም ለአንድ ተክል የተለየ ፈንገስ አይደለም። ቲማቲምን፣ ድንችን፣ ደበርጃንን፣ ቃሪያን፣ እንጆሪን፣ ጥጥንና ሌሎች በርካታ ተክሎችን ያጠቃል፤ ዱባም ከእነዚህ አንዱ ነው። ከፉዛሪየም ይልቅ ቀዝቀዝ ባለ አፈር፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ አካባቢ፣ ይበረታል። ጥቃቅን ጥቁር እንክብሎችን ሠርቶ ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ መቆየት ይችላል።

ፋይቶፍቶራ ካፕሲሲ

ፋይቶፍቶራ በሥነ ሕይወት አመዳደብ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፤ የውሃ ሻጋታ ከሚባለው ወገን ነው። በጉዳቱና በመከላከያው ተመሳሳይነት ምክንያት ግን አብሮ ይጠናል። ሊዮን ሊዮኒያን የተባለ ተመራማሪ በ1922 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በበርበሬ ተክል ላይ አግኝቶ ገልጾታል። ስፖሮቹ ጭራ ስላላቸው በውሃ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ስለዚህ ውሃ ባቆረ ማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል።

ምልክቶች

የአንገት መበስበስ (ፉዛሪየም ሶላኒ)። መጀመሪያ ቅጠሎቹ በቀትር ይጠወልጋሉ፤ ከቀናት በኋላ መላው ተክል ይጠወልግና ይሞታል። አፈሩ ከአንገቱ ዙሪያ ገለል ሲደረግ ግንዱን የከበበ፣ መጀመሪያ ፈዛዛ ቆይቶም ጥቁር ቡናማ የሚሆን ብስባሽ ቀለበት ይታያል። ተክሉ በእጅ ሲሳብ ከአፈሩ ወለል በታች ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ በቀላሉ ይሰበራል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ በቁስሉ ላይ ነጭ ወይም ሮዝማ ሻጋታ ሊታይ ይችላል። አፈር የሚነካው የፍሬ ክፍልም ክብ፣ ጠጣር ብስባሽ ያወጣል።

ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም። በሐብሐብና በሜሎን ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አንድ ሐረግ ወይም የተክሉ አንድ ወገን ብቻ ይጠወልጋል። ግንዱ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧዎቹ ቡናማ መስመር ሆነው ይታያሉ። ግንዱ ላይ ሙጫ ሊወጣ ይችላል።

ቨርቲሲሊየም። ከሥር ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጠርዛቸው ጀምሮ ወደ መሃል እየጠበበ በሚሄድ ቅርጽ ይቢጫሉ፣ ይደርቃሉም። የግንዱ ቧንቧ ፈዛዛ ቡናማ ይሆናል። ተክሉ ቶሎ ላይሞት፣ ነገር ግን ቀጭጮ ጥቂት ፍሬ ሊሰጥ ይችላል።

ፋይቶፍቶራ። አንገቱ ውሃ እንደዋጠ ጨርቅ ለስልሶ ይጠቁራል። መላው ተክል ባንድ ጊዜ ይወድቃል። በፍሬው ላይ ስኳር የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሽፋን መታየቱ ዋነኛ መለያው ነው።

ከሌሎች ምክንያቶች መለየት

የጠወለገ ዱባ ሁሉ በፈንገስ የታመመ አይደለም። ጤነኛ ተክልን በስህተት መንቀል ወይም የታመመን ውሃ አጠጥቶ ለማዳን መሞከር ሁለቱም ጉዳት አላቸው። በተለይ ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ነው፤ አንገቱ ለበሰበሰ ተክል ውሃ መጨመር ፈንገሱን ይረዳዋል እንጂ ተክሉን አይረዳውም። የሚከተለው ቅደም ተከተል ያለ ቤተ ሙከራ በጓሮ ሊሠራ ይችላል።

1. ተክሉን ማለዳ ማየት። በቀትር የጠወለገ ቅጠል ማታና ማለዳ ቀጥ ካለ፣ ምክንያቱ ሙቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። ማለዳም እንደጠወለገ ከሆነ ወይም ለውጡ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ያስፈልጋል።

2. አፈሩን መንካት። ጣት ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲገባ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ችግሩ የውሃ እጥረት ነው። ውሃ ያቆረ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቶ ሊሆን ይችላል። ተክሉ በእርጥብ አፈር ላይ ሆኖ ከጠወለገ በሽታ መጠርጠር አለበት።

3. አንገቱን መግለጥ። አፈሩን በጥንቃቄ ገለል አድርጎ ግንዱን ማየት ነው። ብስባሽ ካለ ፉዛሪየም ሶላኒ ወይም ፋይቶፍቶራ ነው። ግንዱ በጥርስ ተቆርጦ ከተገኘና በአቅራቢያው የአፈር ቁልል ካለ ጥፋተኛው ፍልፈል ነው። ለጋ ችግኝ ከአፈሩ ወለል ላይ ከተቆረጠ ቆራጭ ትል ሊሆን ይችላል።

4. ግንዱን መሰንጠቅ። አንገቱ ጤነኛ ከሆነ፣ ከጠወለገው ሐረግ አንዱ ተቆርጦ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ቡናማ መስመር ካለ ቧንቧ የሚደፍን ፈንገስ ነው። ውስጡ ተቦርቡሮ ትል ወይም እንደ ሰጋቱራ ያለ እዳሪ ከተገኘ ተባይ ነው።

5. ሥሩን ማየት። በሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደሩ እባጮች ካሉ ዓይን የማያያቸው ኔማቶድ የተባሉ የሥር ትሎች አሉ። እነዚህ ራሳቸው ተክሉን ከማቀጨጫቸው በላይ ለፈንገስ መግቢያ ቁስል ይከፍታሉ።

በሰሜን አሜሪካ በዱባና በኪያር ላይ በጥንዚዛ የሚተላለፍ የባክቴሪያ አጠውልግም አለ። እርሱን ለመለየት የተቆረጠው ግንድ ሁለት ጫፎች ተነካክተው ቀስ ብለው ሲለያዩ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ዝልግልግ ክር መውጣቱ ይታያል።

ስርጭትና አመቺ ሁኔታዎች

ፈንገሶቹ በራሳቸው ርቀው አይሄዱም። የሚያጓጉዛቸው በአብዛኛው ሰው ነው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

ዘር፦ ከታመመ ተክል ፍሬ የተወሰደ ዘር።
አፈር፦ በዶማ፣ በአካፋ፣ በጫማና በችግኝ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚሄድ ጭቃ።
ውሃ፦ ከታመመ መደብ ወደ ጤነኛው የሚወርድ ጎርፍ ወይም የመስኖ ቦይ።
ፍግና ብስባሽ፦ የታመመ ተክል ተጥሎበት በበቂ ሙቀት ሳይብላላ ወደ መደብ የተመለሰ ማዳበሪያ።

በአንድ ቦታ ዱባን በየዓመቱ መትከል ከሁሉ የላቀው አባባሽ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው የፈንገስ መጠን በየዓመቱ ይጨምራል። መጀመሪያ አንድ ተክል ይሞታል፤ በቀጣዩ ዓመት ጥቂት፤ ቆይቶ ግን መደቡ በሙሉ ዱባ አላበቅል ይላል።

መከላከል

ንጹሕ ዘር

ፉዛሪየም ሶላኒን ለመከላከል የመጀመሪያው እርምጃ ዘር ነው። ዘር መወሰድ ያለበት እስከ መጨረሻው ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ተክልና ብስባሽ ከሌለበት ፍሬ ብቻ ነው። ፈንገሱ በዘር ላይ በሕይወት የሚቆየው ከ1 እስከ 2 ዓመት ያህል ሲሆን፣ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የዱባ ዘር ግን ከ4 ዓመት በላይ የመብቀል አቅሙን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የአምናን ሳይሆን በደንብ ደርቆ የተቀመጠ የካቻምናን ወይም ከዚያ የቆየ ዘር መዝራት አደጋውን ይቀንሳል። በሙቅ ውሃ መንከር ለአንዳንድ የአትክልት ዘሮች ቢያገለግልም ትልቁን የዱባ ዘር በቀላሉ ስለሚጎዳው አይመከርም።

የሰብል ፈረቃ

ፉዛሪየም ሶላኒ የታየበት መደብ ከ3 እስከ 4 ዓመት ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ቅል፣ ሐብሐብ፣ ሜሎንም ሆነ ኪያር ሊተከልበት አይገባም። በጠባብ ጓሮ ይህን ለማድረግ ቦታውን በአራት መደብ መክፈል ይቻላል። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዓመት ዱባ በ1ኛው፣ ጎመን በ2ኛው፣ ሽንኩርት በ3ኛው፣ በቆሎ በ4ኛው መደብ ይተከላሉ። በየዓመቱ ሁሉም አንድ መደብ ሲራመዱ ዱባ ወደ 1ኛው መደብ የሚመለሰው በ5ኛው ዓመት ነው። በመካከል የሦስት ዓመት እረፍት ይገኛል ማለት ነው።

በቆሎና ሌሎች የብርዕ ሰብሎችም በፉዛሪየም ይጠቃሉ፤ ነገር ግን እነርሱን የሚያጠቁት ሌሎች የፉዛሪየም ዝርያዎች ስለሆኑ ለፈረቃው እንቅፋት አይሆኑም። ቨርቲሲሊየም በታየበት መደብ ግን ዱባን በቲማቲም፣ በድንች ወይም በቃሪያ መተካት ፈንገሱን መቀለብ ነው። እዚያ የሚሻሉት ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎና የመሳሰሉት የብርዕ ሰብሎች ናቸው።

ውሃና መደብ

መደቡን ከመሬቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ውሃ ከአንገቱ እንዲርቅ ይረዳል። ለፋይቶፍቶራ ከዚህ የተሻለ መከላከያ የለም። ውሃ ማጠጣት የሚገባው ከግንዱ ራቅ አድርጎ፣ አፈሩ እስኪጠግብ፣ ከዚያም የላዩ አፈር ደረቅ እስኪል ጠብቆ ነው። በጥቂት በጥቂቱ በየዕለቱ አንገት ላይ ማፍሰስ ጎጂ ነው። አንገቱን በፍግ ወይም በአፈር መቅበር፣ በኩትኳቶ ጊዜም ሥሩን ማቁሰል መቅረት አለበት። በፍሬው ሥር ጭድ ወይም ጣውላ ማድረግ ፍሬውን ከአፈር ወለድ ብስባሽ ይጠብቃል።

የአፈር ሁኔታ

ለፉዛሪየም ኦክሲስፖረም፣ አሲዳማ አፈርን በኖራ ወደ ፒኤች 6.5 እና 7 መካከል ማድረስ የበሽታውን ጉልበት ይቀንሳል። በደንብ የተብላላ ብስባሽ ለአፈሩ ጠቃሚ ተሕዋስያንን ይጨምራል። ትራይኮደርማ የተባለው ጠቃሚ ፈንገስ የተወሰኑ በሽታ አምጪዎችን ይሻማል፤ ሆኖም አስቀድሞ የሚሰጥ መከላከያ እንጂ ከመጠውለግ በኋላ የሚያድን አይደለም።

አፈርን በፀሐይ ማከም

ይህ ዘዴ በሰፊው የታወቀው ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ በ1976 በእስራኤል ባሳተሙት ጥናት ነው። እርጥብ አፈር ግልጽ በሆነ ስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ጠርዙም በአፈር ታፍኖ፣ በዓመቱ እጅግ ሞቃት በሆነው ወቅት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በውስጡ የሚታመቀው ሙቀት ከላይ ባለው የአፈር ንጣፍ ያሉ ብዙ ፈንገሶችን ይገድላል ወይም ያዳክማል። ጥቁር ፕላስቲክ ይህን ያህል አፈሩን ስለማያሞቅ አይተካውም። በደጋና በደመናማ ወቅት ውጤቱ ደካማ ነው።

ግራፍት ማድረግ

ግራፍት ማድረግ የአንዱን ችግኝ ላይኛ ክፍል በሌላው ችግኝ ሥር ላይ ቆርጦ ማጣበቅ ነው። በጃፓን በ1920ዎቹ መጨረሻ ሐብሐብን በዱባ ሥር ላይ ማብቀል ተጀመረ፤ ዱባ የሐብሐቡን ፉዛሪየም ስለሚቋቋም ሐብሐቡ ከበሽታው ይተርፋል። ዛሬ ለዚህ የሚውሉት የኩኩርቢታ ማክሲማና የኩኩርቢታ ሞስካታ ዲቃላዎች እንዲሁም ቅል ናቸው። ራሱን ዱባን ከፉዛሪየም ሶላኒ ለማዳን ግን ይህ መንገድ አያገለግልም፤ ጠላቱ የገዛ ሥሩን የሚበላ ነውና።

ሕክምናና የጉዳት ቅነሳ

በሽታው ከተረጋገጠ በኋላ የሚከተሉት እርምጃዎች ይወሰዳሉ።

1. የታመመው ተክል ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ይነቀላል። ሲጓጓዝ አፈሩ በሌሎች መደቦች ላይ እንዳይንጠባጠብ በከረጢት ይያዛል።

2. ተክሉ ይቃጠላል ወይም ከአትክልት ቦታ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ወደ ብስባሽ ክምር አይጣልም፤ ለከብት ተሰጥቶ ፍጉ ወደ መደብ እንዲመለስም አይደረግም።

3. ዶማና አካፋ መጀመሪያ ጭቃው በውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይጸዳል። ጭቃው ካልለቀቀ በረኪናው ፈንገሱ ጋ አይደርስም።

4. ለቀሩት ተክሎች ውሃ ይቀነሳል፤ ከታመመው መደብ ወደ እነርሱ የሚወስድ ቦይ ይዘጋል። በጓሮው ሥራ ሲሠራ ከጤነኛው መደብ ተጀምሮ በታመመው ይጠናቀቃል።

5. ቦታው ይመዘገባል ወይም ምልክት ይደረግበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው ጥግ እንደነበር ማስታወስ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል።

የኬሚካል መድኃኒቶች ጥቅም ውስን ነው። ታይራምን የመሰሉ የዘር መድኃኒቶች በዘሩ ላይ ያለውን ፈንገስ ይቀንሳሉ፤ ሥር ውስጥ የገባን ፉዛሪየም ግን በቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ሜታላክሲል የፋይቶፍቶራን መዛመት ሊገታ ይችላል፤ ቢሆንም መድኃኒቱን የለመዱ የፋይቶፍቶራ ዘሮች በተለያዩ አገሮች ታይተዋል። ለፉዛሪየም የታሰበ መድኃኒት ለፋይቶፍቶራ፣ ለዚህ የታሰበውም ለዚያ ስለማይሠራ፣ አምጪው ሳይለይ መርጨት ገንዘብን ከማባከን ሌላ ሰውንና ንቦችን ለአደጋ ያጋልጣል። ዱባ ፍሬ የሚይዘው በንብ ርዳታ በመሆኑ ይህ ጉዳት ወደ ምርቱም ይመለሳል። በመድኃኒት የታሸ ዘር ለሰውም ሆነ ለከብት ምግብ አይሆንም።

የአፈር ማጨሻ የሆነው ሜታይል ብሮማይድ ቀድሞ በትልልቅ እርሻዎች በብዛት ይሠራበት ነበር። የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ባደጉ አገሮች እስከ 2005፣ በታዳጊ አገሮች እስከ 2015 ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል፤ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ብቻ የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች አሉ።

የታመመ ተክል ፍሬና ዘር

እነዚህ ፈንገሶች የተክል በሽታ አምጪዎች ናቸው። ከጠወለገ ተክል ላይ የተገኘ፣ የበሰለና ብስባሽ የሌለበት ፍሬ ተበስሎ ሊበላ ይችላል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ስለማይቆይ ቶሎ መበላት አለበት። የበሰበሰና የሻገተ ፍሬ መጣል ይኖርበታል።

ዘሩ ግን ለዘር አይቀመጥም፤ ለጎረቤትም አይሰጥም። ብዙውን ጊዜ የዱባ ዘር የሚመረጠው በማሳ ላይ ሳይሆን ዱባው ወጥ ቤት ገብቶ ሲከፈት ነው። በዚያ ሰዓት ፍሬው ከየትኛው ተክል እንደመጣ፣ ተክሉም እንዴት እንደሞተ የሚያስታውስ አይኖርም። ለዘር የሚሆነው ተክል ገና በማሳ ላይ ሳለ ተለይቶ በሐረጉ ላይ ጨርቅ ወይም ክር ቢታሰርበት ይህ ስህተት ይቀራል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ዱባ በአብዛኛው የጓሮ ተክል ነው። በቤት ዙሪያ፣ በአጥር ሥርና ፍግ በሚጣልበት ጥግ ይተከላል፤ ፍሬው በተለይ በጾም ወቅት ለወጥ ይውላል፣ ዘሩም ተቆልቶ ይበላል። ፍግ ያለበት ጥግ ለም ስለሆነ ዱባ በየዓመቱ እዚያው ይመለሳል። በሽታ ለሌለበት ጓሮ ይህ ልማድ ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ፉዛሪየም ከገባ በኋላ ግን ያው ለም ጥግ የበሽታው ማከማቻ ይሆናል። መፍትሔው ዱባውን ወደ ፍጉ ከመውሰድ ይልቅ የተብላላውን ፍግ በየዓመቱ ወደሚቀያየረው የዱባ መደብ መውሰድ ነው። ቦታ ለሌለው ሰው ደግሞ ከታች የተበሳ የማዳበሪያ ከረጢት ንጹሕ አፈር ተሞልቶበት ለአንድ ሁለት ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች የሚገኘው መረሬ ወይም ዋልካ የተባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር በክረምት ውሃ ያቁራል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ ሳይዘጋጅ ዱባ መትከል ለአንገት መበስበስ ያጋልጣል። በቆላ መስኖ ሥር ሐብሐብ ለሚያለሙ ገበሬዎች ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስበው ለረጅም ጊዜ በአፈር የሚቆየው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ነው።

በጓሮ ምርመራ መለየት ያልተቻለ በሽታ ሲያጋጥም ከነሥሩ የተነቀለ፣ ገና ያልደረቀ ተክል በወረቀት ተጠቅልሎ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳየት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ተክል ላይ ሌሎች ሻጋታዎች ስለሚበቅሉ ለምርመራ አይጠቅምም። በአገሪቱ የዕፅዋት በሽታ ጥናት ከሚካሄድባቸው ተቋማት አንዱ በአምቦ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

የጥናት ታሪክ

የአጠውልግ ፈንገሶች ጥናት መሠረት የተጣለው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ኧርዊን ስሚዝ በ1899 የጥጥ፣ የሐብሐብና የላም አተር አጠውልግን የሚመለከት ጽሑፍ አሳተመ። ባልደረባው ዊልያም ኦርተን ሐብሐብን የማይበላ ነገር ግን በሽታውን ከሚቋቋም ዘመዱ ጋር አዳቅሎ በ1911 «ኮንከረር» የተባለ ዝርያ አወጣ። ይህ ዝርያ በገበያ ብዙም ባይሳካለትም፣ አፈሩን ከመፈወስ ይልቅ ተክሉን ራሱን ማጠንከር እንደሚቻል ካሳዩ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ዛሬም ለሐብሐብና ለሜሎን በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች በሰፊው ይሠራባቸዋል። ለዱባ የአንገት መበስበስ ግን እስካሁን ዋነኞቹ መከላከያዎች ንጹሕ ዘር፣ ውሃ የማያቁር መደብና የሰብል ፈረቃ ናቸው።